ከሲያትል አላስካ በክሩዝ፦ ዓሣ ነባሪ ያየንበት ቀን

ከሲያትል ወደ አላስካ ለሚሄደው ክሩዝ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፣ የመርከቡን ከፍላችሁ ስትጨርሱ ወጪው አላለቀም። እንስሳቱን በደንብ የምታዩት መርከቡ ወደብ ሲቆም ወርዳችሁ ለብቻው በምትከፍሉት ጉብኝት ነው። እኛ የሄድነው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፣ እኔ፣ እማዬና ከቨርጂኒያ የመጣችው ታላቅ እህቴ። እህቴ የጓጓችው በረዶውን ለማየት ነበር፣ እማዬ ልጆቿ አንድ ላይ ስለሆኑላት ብቻ መጣች፣ እኔ ግን ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው የሄድኩት፣ ሌላው ሁሉ ቢቀርም ግድ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። መርከቡ ከቫንኩቨር ደሴት ውጪ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ በኩል ነው የሚሄደው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ማዕበሉ ጀመረ። ካቢናችን ርካሹ፣ መስኮት የሌለው፣ ከመርከቡ በፊተኛው ጫፍ በኩል ያለው ስለነበር ወለሉ ከፍ ብሎ ሲወርድ ሆዳችን አብሮ ይወርዳል። እህቴ ከመታጠቢያ ቤት አልወጣችም፣ እማዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ዳዊቷን ስትደግም አደረች፣ እኔ ደሞ ውስጥ አየር ያለ ስላልመሰለኝ ወጥቼ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ክፍላችንን የሚያፀዳው ልጅ ፊታችንን አይቶ ምንም ሳንለው አረንጓዴ አፕልና ደረቅ ብስኩት ይዞልን መጣ፣ ለባህር ህመም የሚሰጡት እሱን ነው፣ ደግሞም ይሰራል። ካቢን ስትመርጡ መርከቡ መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለውን ያዙ፣ መወዛወዙ እዛ ይቀንሳል።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ያ ሁሉ ቡፌ ተዘርግቶ እማዬ ዳቦና ሐብሐብ ይዛ ስትቀመጥ ማየት ለኔ ከማዕበሉ የባሰ ነበር። እራት ላይ አንድ ከሕንድ የመጣ የምግብ ቤቱ ሰራተኛ ለምን እንደማትበላ ጠየቀን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣም እንደማትነካ አስረዳነው። በማግስቱ ከወጥ ቤት ቀይ ምስር በሚጥሚጣ ዓይነት ቃሪያ የተሰራ አመጣላት፣ "ቅቤ የለውም፣ በዘይት ነው" ብሎ ራሱ አረጋገጠላት፣ ከዛ በኋላ በየማታው ሳይጠየቅ ያመጣ ነበር። እማዬ "እናትህን ያኑርልህ" እያለች በአማርኛ ትመርቀዋለች፣ እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። ስንወርድ ግንባሩን ሳመችው።

ኬቺካን የምትባለው የአላስካ ወደብ ስንደርስ ዝናብ ነበር፣ ሳልመን የሚባሉት ዓሦች ወንዙን ሽቅብ ሲታገሉ አየንና ተመለስን።

ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት፣ ግን በመኪና የሚወስድ መንገድ የላትም፣ በአውሮፕላን ወይ በውሃ ነው የሚገባው። እኛ ስንደርስ ወደቡ በትልልቅ መርከቦች ተሞልቶ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይገባ ከተማው ከክሩዝ ድርጅቶቹ ጋር ተስማምቷል፣ እኔ ግን ነዋሪ ብሆን አምስቱም ይበዙብኝ ነበር፣ መንገዱ ላይ ሰው ከሰው እየተጋፋ ነው የሚሄደው። መርከቡ ውስጥ የዓሣ ነባሪው ጉብኝት ለአንድ ሰው ወደ 190 ዶላር ነበር፣ ወደብ ላይ ደሞ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ፣ አንዱ ሰሌዳ ላይ 139 ይላል። ልጁ ካርዳችንን ከወሰደ በኋላ የነዳጅ፣ የወደብ፣ የታክስ እያለ ለአንድ ሰው 171 አደረሰው። እህቴ ተናደደች፣ ሰሌዳው ላይ ለምን አልተጻፈም ብላ ተከራከረች፣ በመጨረሻ የነዳጁን ቀነሰልን። ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም፣ ሙሉ ዋጋውን ቢጽፈው እኮ ደስ ብሎን እንከፍለው ነበር። ደሞ ከመርከቡ ውጪ የገዛችሁት ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ እናንተን አይጠብቅም፣ በራሱ በኩል ለገዛ ግን ይጠብቃል። አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የመርከቡ ሰዓት ስንት እንደሚል ሳታረጋግጡ አትውረዱ።

ኦክ ቤይ ወደሚባለው የጀልባ ማረፊያ በአውቶብስ ወሰዱን። ሾፌሩ በመንገድ ላይ ስለ ጎርፉ ነገረን፣ ከሜንደንሆል የበረዶ ግግር ጎን ባለ ሸለቆ የሚጠራቀመው ውሃ በበረዶው ስር ሰብሮ ይወጣና ወንዙን ያጥለቀልቀዋል፣ በ2023 ነሐሴ ላይ ቤት አፍርሷል፣ በ2024 ነሐሴም ብዙ ሰፈር ውስጥ ገብቷል። አውቶብሱ ውስጥ ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ሃያ ምናምን ሰው ነው የያዘችው፣ ካፒቴኗ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የሚሆን። ከመነሳታችን በፊት ቁጭ አድርጋ ህጉን ነገረችን፦ አላስካ ውስጥ ከሀምፕባክ ዓሣ ነባሪ ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር በላይ መቅረብ ክልክል ነው፣ ከ2001 ጀምሮ ህግ ነው፣ መንገዱ ላይ ቀድሞ ጀልባ አቁሞ መጠበቅም አይቻልም። እሱ ራሱ ወደኛ ከመጣ ግን ሞተሩን ዜሮ ላይ አድርገን ባለንበት እንቆማለን አለች። አንዱ ጋ ብዙ አንቆይም፣ ሌላ ጀልባ ከመጣም ቦታ እንለቃለን አለች።

መጀመሪያ ያየነው የባህር አንበሳ ነው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ምልክት ላይ ተደራርበው ተኝተው ይጮሃሉ፣ ሽታቸው ከሩቅ ይመጣል። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከዛ ረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ውሃ፣ ደን፣ ጭጋግ። አንድ ሰውዬ ገንዘቡን ስለመመለስ ማውራት ጀመረ። በዚህ መሃል በግራ በኩል ነጭ እንፋሎት ሽቅብ ወጣ፣ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን፣ ትልቅ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ቀጥሎ ጥቁር ጀርባ ቀስ ብሎ ወጥቶ ገባ። ከጎኗ ደሞ ትንሽዬ ጀርባ። እናትና ልጅ ናቸው። አስጎብኚዋ ልጅ እንዳለችን እነዚህ የብርዱን ወራት ሃዋይ ነው የሚያሳልፉት፣ የሚወልዱት እዛ ነው፣ እናቲቱ እዛ እያለች ምግብ የምታገኘው የለም ማለት ይቻላል፣ ልጇን እያጠባች ወደ 4,500 ኪሎ ሜትር ዋኝታ ነው እዚህ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣና ክሪል የሚባለውን ሽሪምፕ መሳይ ትንሽዬ የባህር ፍጥረት ልትበላ የምትመጣው። ክብደቷ እስከ 40 ቶን ሊደርስ ይችላል። እማዬ ይሄን ስተረጉምላት "ሳትበላ እያጠባች?" አለችና ከዛ በኋላ ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም።

የገንዘቡን ነገር ያነሳው ሰውዬ አሁን "ጠጋ በይ፣ ፎቶ አይወጣም" ብሎ ጮኸ። ካፒቴኗ ዞር ብላ "ልጅ አላት፣ ከዚህ አልጠጋም" አለችው፣ አለቀ። እኔ ሀዋሳ ነው ያደግኩት፣ ሀይቁ ላይ ጉማሬ የሚያሳዩ ባለጀልባዎች አሉ፣ እንግዳው ጠጋ በል ካለ ይጠጋሉ፣ ጉማሬው ጠልቆ ሲሸሽም ይከተሉታል፣ ምክንያቱም ጉርሻው በዛ ነው የሚለካው። በልጅነቴ ግልገል ያላት ጉማሬ ስትባረር አይቼ ስሜቴ ተጎድቶ ነበር፣ የዛን ቀን ጀልባዋ ላይ ሆኜ ያንን ነው ያስታወስኩት፣ የከፈልኩት 160 ዶላር ለዚች ሴትዮ "አይሆንም" ማለት ከሆነ አልተወደደብኝም። ሞተሩ ዝም ባለ ጊዜ ልጁ ክንፉን እያነሳ ውሃውን ይመታ ጀመር፣ ደጋግሞ፣ ፏ ፏ እያደረገ፣ እኛ ደሞ እንደ ሕፃን እንጮሃለን። ከውሃ ሙሉ በሙሉ የሚዘለውን አላየንም፣ ቅር አላለኝም። እናቲቱ ስትጠልቅ ጅራቷን ከፍ አድርጋ አሳየችን፣ የጅራቱ ስር ያለው ነጭና ጥቁር ምልክት እንደ ጣት አሻራ ስለሆነ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ በሱ ነው የሚለዩአቸው። ነፋሱ ሲያዞረው ትንፋሿ ደረሰን፣ የተበላሸ ዓሣ ይሸታል፣ እህቴ ሸሸች፣ እኔ ግን አልጠላሁትም።

በኋላ ሜንደንሆል ሄድን። በረዶው ሰማያዊ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ግን በጣም ሸሽቷል፣ የጎብኚዎች ማዕከሉ በ1962 ሲከፈት በረዶው ለህንጻው ቅርብ ነበር፣ አሁን ሀይቁን አሻግራችሁ ነው የምታዩት። እህቴ ብዙ ቆማ አየችው፣ ከፋት። እኔና እማዬ ስቲፕ ክሪክ በሚባለው ጅረት ላይ በተሰራው የእንጨት መተላለፊያ ሄድን፣ ሶክአይ የሚባለው ቀይ ሳልመን ሲገባ ጥቁር ድቦች ሊበሉት ይመጣሉ። አንዷ ከታች ዓሣ ይዛ ስትበላ ግልገሏ ዛፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። ይሄ ጉብኝት ምንም አስጎብኚ አይፈልግም፣ የምትከፍሉት የአውቶብሱን ነው፣ እሱም ደርሶ መልስ ወደ 50 ዶላር ነበር፣ ለዛ አጭር መንገድ ይበዛል።

በማግስቱ አይሲ ስትሬት ፖይንት ቆምን፣ ሁና በምትባል የትሊንጊት ሰዎች መንደር አጠገብ ነው፣ ወደቡን የሚያስተዳድሩትም የራሳቸው የነባር ሕዝቦች ድርጅት ነው፣ በ1912 የተሰራ የሳልመን ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል። ምንም አልገዛንም። ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብለን እማዬ ቀድማ "ያው! ያው!" ብላ ጮኸች፣ ከባህር ዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ዓሣ ነባሪ እየተነፈሰ ያልፋል፣ በነፃ። እዛ የምትሰራ አንዲት ሴትዮ የእማዬን መንቀጥቀጥ አይታ ብርድ ልብስ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ሥራዋን ቀጠለች።

የጀልባ ጉብኝት ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ጀልባው ስንት ሰው እንደሚጭንና ካፒቴኑ እንስሳው ጋ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ጠይቁት፣ መልስ ከሌለው ሌላ ጋ ሂዱ። ባይኖኩላር ጀልባዋ ላይ ይሰጣሉ፣ የዝናብ ጃኬት ግን የራሳችሁን ያዙ። እህቴ ያነሳችውን የጅራት ፎቶ ሀፒዌል የሚባል ድረ ገጽ ላይ አስገባችው፣ ከብዙ ሺህ ጅራቶች ጋር ያመሳስሉታል፣ ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ፣ ያቺ እናት ከዛ በፊት ሃዋይ ላይ ፎቶ ተነስታለች። እማዬ ወዲያው የጠየቀችው ያኔም ልጅ ነበራት ወይ ብላ ነው።

አንድ ነገር ለሐበሾች፦ መርከቡ ሲመለስ ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ከካርዱ ጋር ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የግድ ነው። የእማዬ ሊያልፍበት ጥቂት ነበር የቀረው፣ እድሳቱ ጊዜ ስለሚፈልግ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩት።