አባት ሳያልፉ ማኅተሙ ይለፍ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ችግረኛ የሚረዳ የቤተሰብ ፋውንዴሽን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ጭንቅላት ነው። ፈራሚውም መዝገቡም አባት ናቸው። ልጆቹ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ሳዑዲ። እሳቸው ያረፉ ዕለት ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ሥራው ይቆማል።

ስለዚህ ርክክቡ አባት ሳሉ ይደረግ፤ ከንብረቱ ጀምሩ። የሱቁ ኪራይ ለዓመታት ተማሪ ሲያስተምር ቢኖርም፣ ካርታው በአባት ስም ከሆነ ሱቁ ውርስ ነው። ወደ ፋውንዴሽኑ የሚደረገው የስመ ሀብት ዝውውር በሕይወት እያሉ ይጠናቀቅ፤ የጋራ ሀብት ከሆነ እናትም ይፈርሙ። በኑዛዜ የሚተላለፍ ካለ ሥርዓቱ አይናቅ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ ይጻፋል። «ተነበበ» የምትል አንዲት ቃል ቀርታ የአባት አደራ ሲፈርስ ማየት ያንገበግባል።

ወሎ ነውና ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ወራሽ ይገኛል። በሸሪዓ ወሲያ (ኑዛዜ) ከሀብቱ ሲሶ ካለፈ ወይም ለወራሽ ከተሰጠ የሌሎቹን ወራሾች ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ደግሞ ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በየትኛው ሕግ እንደምትሄዱ አባት ባሉበት ተነጋገሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተገባው ቃል ነው። የአባትን ደብተር ብትገልጡ «የሐይቋ ልጅ፣ እስከ 12» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ለእሳቸው በቂ ነው። ለልጃቸው ግን ከሐይቅ ከተማ የትኛዋ ልጅ? 12ኛን ጨምሮ ነው? የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ነው ወይስ የቤት ኪራይም? «ለማን ቃል ገብተዋል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ለማንም» ነው የሚሏችሁ። የስልካቸውን የስም ዝርዝርና የባንክ ደረሰኞቹን ይዛችሁ «ይሄስ ማነው?» እያላችሁ አንድ በአንድ ሂዱ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ይደክማቸዋል። እያንዳንዱን ተረጂ አባት አጠገባችሁ ተቀምጠው ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለፊርማው አንድ ዓመት ስጡት። ስድስት ወር አባት ወስነው ተተኪዋ ልጃቸው አብራ ትፈርም፤ ቀጣዩን ስድስት ወር እሷ ወስና አባት አብረው ይፈርሙ። ከፈራሚዎቹ ቢያንስ አንዱ እዚሁ ከተማው ውስጥ የሚኖር ይሁን። ለውጡን በቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ለባንኩም ለመዘገባችሁ መሥሪያ ቤትም አሳውቁ።

ርክክቡ የሚበላሸው አባት ከለቀቁ በኋላ ነው። ልጅቱ «ዘንድሮ አንችልም» ያለችው ሰው ማታ አባት ጋ ሄዶ ከኪሳቸው ይቀበላል። በሁለተኛው ጊዜ እሷን የሚጠይቅ አይኖርም። ለእኔ የሚሠራው መላ አባት ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚሰጡት ትንሽ የዓመት ድርሻ መመደብ ነው፤ ካለቀ አለቀ። እጃቸውን ዘርግተው ለኖሩ ሰው እጅን መሰብሰብ ሞት ነውና ጨርሶ አትከልክሏቸው።

መጨረሻ ላይ የቅሬውን (የእድሩን) ሽማግሎች ጥሩ። ቡናው ይፈላ፣ ዱአው ይደረግ፤ አባት በገዛ አንደበታቸው «ከእንግዲህ እሷ ናት» ብለው ይመርቋት። ደብተሩና ማኅተሙም እዚያው በሰው ፊት እጇ ይግባ። በማግስቱ በር የሚያንኳኳውን እሷ ትቀበለው፤ አባት ድምፁን ቢያውቁትም ከጓዳ አይውጡ።