ያቺ አንዲት መስመር

ፕለጊኑን (ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የሠራነው ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ደንበኛ ነበር። ዎርድፕሬሱ አንድ ነው፤ በውስጡ ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ሳይት አለው። ኮዱ መጀመሪያ መልቲሳይት፣ ማለትም በአንድ ዎርድፕሬስ ብዙ ሳይት የሚያሠራው አደረጃጀት፣ መሆኑን ያጣራል። ከሆነ በየሳይቱ እየዞረ ሴቲንጉን ይጽፋል። ማጣሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮንፊግ ፋይሉ (የዎርድፕሬሱ ዋና ማስተካከያ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ «ደብሊውፒ አላው መልቲሳይት» የምትለው መስመር ካለች መልቲሳይት ነው ብዬ ወሰድኩ። እዚያ ደንበኛ ጋ ምንም ሳይል ሠራ።

ከወራት በኋላ ያንኑ ፕለጊን አንድ ሳይት ብቻ ላለው ሌላ ደንበኛ ጫንነው። ሳይቱ ወዲያው ወደቀ። ኤረር ሎጉ (የስህተት መዝገቡ) ከሳይት ወደ ሳይት የሚያሻግረው «ስዊች ቱ ብሎግ» የሚባል ፈንክሽን የለም ይላል። እውነቱን ነው፤ ዎርድፕሬስ ያንን ፈንክሽን የሚጭነው መልቲሳይት ከበራ ብቻ ነው። ኮንፊጉን ስንከፍት ያቺ መስመር ቁጭ ብላለች። ከእኛ በፊት የነበረው ባለሙያ ኔትወርክ፣ ማለትም መልቲሳይት፣ ሊሠራ አስቦ ትቶታል።

ሲኒየራችን «ማነው ይሄን እዚህ የተወው? አጥፉት፣ ይነሳል» አለ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጀማሪ ልጅ ግን አላለፈችውም።

«መስመሯ ምን አጠፋች? እሷ እኮ የኔትወርክ ማዋቀሪያውን ሜኑ ብቻ ነው የምታመጣው። ፈቃድ ናት። መልቲሳይት መሆኑን ለማወቅ ዎርድፕሬስን ራሱን ለምን አንጠይቀውም? ‹ኢዝ መልቲሳይት› አለ አይደል?»

ማንም አልመለሰላትም። «ኢዝ መልቲሳይት» የሚባለው ፈንክሽን መልቲሳይት ዋናው ዎርድፕሬስ ውስጥ ከገባበት ከ3.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 ጀምሮ አለ። ደግሞ ይህን ስትናገር የመጀመሪያዋ አልነበረም። ኮዱን ሪቪው ስታደርግ ይህንኑ ጽፋልኝ ነበር። «እኛ ጋ ይሠራል» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ማጣሪያውን ቀየርን፤ ሳይቱ ተነሳ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ለደንበኛው የተጻፈው ሪፖርት ግን ሌላ ነገር ይላል፦ «በቀድሞው ባለሙያ የተተወ የተሳሳተ ኮንፊገሬሽን።» ያ ሰው ያጠፋው ነገር የለም። መስመሯ ለዓመታት እዚያ ስትቀመጥ ማንንም አልጎዳችም። ልጅቷ ረቂቁን አንብባ «ይሄ ልክ ነው እንዴ?» ብላ ሁላችንንም ጠየቀች። ሲኒየራችን «ደንበኛው ዝርዝሩ ምን ያደርግለታል?» አላት። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ሪፖርቱ እንዳለ ተላከ።