«ከድጡ ወደ ማጡ» ያልሠራበት ምዕራፍ

ትናንት ማታ የቶልኪንን ልቦለድ «ዘ ሆቢት»ን በእንግሊዝኛ አንብቤ ጨረስኩ። እያነበብኩ ርዕሶቹንና ፈሊጦቹን ወደ አማርኛ ስመልስ ነበር። 19 ምዕራፍ፣ አንድ ደብተር ሙሉ ፈሊጥና ዘይቤ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብዙ አልቆይም። 5ኛው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» እያለ ላደገ ሰው አይከብድም። በቀይ ኮረብታ ላይ ስላሉት 30 ነጭ ፈረሶች ሲጠየቅ፣ ተጠያቂው የዋሻ ፍጡር ጎለም ሳይመልስ «ጥርስ!» ብያለሁ።

ያስቸገረኝ 6ኛው ነው። ርዕሱ ቃል በቃል «ከመጥበሻው ወደ እሳቱ» ይላል። ሳላመነታ «ከድጡ ወደ ማጡ» ብዬ ጻፍኩ። ትርጉሙ ልክክ ይላል። ምዕራፉን ስጨርስ ግን ደነገጥኩ። የታሪኩ ጀግና ቢልቦና ጓደኞቹ ጎብሊን ከሚባሉ ክፉ ፍጥረታት አምልጠው ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ከታች ተኩላ ከቧቸዋል። ከዚያ ጎብሊኖቹ ይደርሱና ዛፎቹ ሥር እሳት ያነዳሉ። ለካ እሳቱ የእውነት እሳት ነው! የእኔ ጭቃ አጠፋው።

ሌላም አለ። ቢልቦ ከጎብሊን አምልጦ በተኩላ መያዝ እንዴት ያለ ነገር ነው ብሎ ይጮኻል። ተራኪው ይህ አባባል በኋላ ተረት ሆነ፣ እኛ ዛሬ የመጥበሻውን እንላለን ይለናል። ቶልኪን የቋንቋ ሊቅ ነበር፤ ለሚታወቀው አባባል አያት ፈጠረለት። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ርዕሱን «ከምጣዱ ወደ እሳቱ» አልኩት። የቢልቦን ደግሞ «ከጎብሊን አምልጦ ለተኩላ ራት»። እንደ ተረታችን አጠር ያለ፣ ማሰሪያ ግሱን የዋጠ።

«ለእያንዳንዱ ፈሊጥ የአማርኛ አቻውን ፈልጉ» የሚለውን ምክር ከዚህ በኋላ አልቀበልም። መጀመሪያ ምዕራፉን ጨርሱ። ፈሊጡ ውስጥ ያለው ነገር ታሪኩ ውስጥም ይመጣ እንደሆነ እዩ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች የሠራሁት በዚያው በማልቀበለው ዘዴ ነው። እስካሁን አላስተካከልኳቸውም።

በጣም የምወደው የዘንዶው የስማውግ ፉከራ ነው። «እንደ» የሚለው ስለ ጥሩሩ ሲናገር ብቻ ነው፤ እንደ አሥር እጥፍ ጋሻ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ማነጻጸሩን ይተወዋል። ከተነጻጻሪ ወደ ተለዋጭ ዘይቤ ይሻገራል። እኔ ሁሉም ላይ «እንደ» ጨምሬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ፉከራው ሞተ። ሰረዝኩና እንደገና ጻፍኩት፦ «ጥርሴ ሰይፍ፣ ጥፍሬ ጦር፣ ክንፌ ዐውሎ ነፋስ፣ ትንፋሼ ሞት!»