«መቶ አምስት» 1005 የሚሆነው ለምንድን ነው?

«መቶ አምስት» ሲባል 1005 ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። መቶን 100፣ አምስትን 5 አድርጎ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ትክክል ነበር፦ ፻፭። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። በ105 ላይ ግን ባዶውን የአስር ቤት ይዞ የሚያቆየው ዜሮ ነው። ይህ በቃል ብቻ አይገባም፤ በእጅ መነካት አለበት።

ለአንድ ልጅ 60 ጭራሮና 6 ላስቲክ ይበቃል። 34 ይቁጠር፤ 10 በሞላ ቁጥር ራሱ ይሰር። ታስሮ ከተሰጠው እስሩን እንደ አንድ ዕቃ ያየዋል እንጂ አስርነቱ አይታየውም። ከዚያ 34 ብሎ ይጻፍ። 3ን ጠቁማችሁ «ይህ ስንት ጭራሮ ነው?» በሉት። ሦስት ነጠላ ጭራሮ ካነሳ ገና ነው፤ እባካችሁ ወደ የአስርና የአንድ ቤት ሰንጠረዥ አትሩጡ።

ብር መጠቀም ጥሩ ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ። አስር ብር ተፈትቶ ውስጡ አይታይም።

52 − 27 ሲሰጠው 35 የሚል ልጅ 7 ከ2 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ 2ን ከ7 ቀንሷል። «ተበደር» ከማለት አንድ እስር አስፈቱት፦ 4 እስርና 12 ነጠላ ይሆንለታል። 7 ነጠላና 2 እስር ሲያነሳ 25 ይቀረዋል።

ለ105 ደግሞ ልጆቹ አስር እስሮችን በገመድ አንድ ላይ ይሰሩ። ሦስት ቤት በተሰመረበት ወረቀት ላይ መቶውን በግራ፣ 5 ነጠላ በቀኝ ያኑሩ። መሃሉ ባዶ ነው፤ 0 የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።