ነጭ ቀለም በሉካንግ

«ሉካንግ ሄደህ ምን ልታይ ነው? እዚያ ያለው ምግብና ቤተ መቅደስ ብቻ ነው» አለኝ ታይዋናዊው ጓደኛዬ። ከታይፔይ ተነስተን በፈጣኑ ባቡር ወደ ደቡብ እየወረድን ነበር። ታይቹንግ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአውቶቡስ ነው። ሉካንግ ባቡር አይገባም። በድሮ ጊዜ «አንደኛ ታይናን፣ ሁለተኛ ሉካንግ፣ ሦስተኛ ማንግካ» የተባለላት ታላቅ ወደብ ነበረች። ወደቡን ደለል ሞላው፣ ሐዲዱም በሌላ በኩል አለፈ፤ ከተማዋ እንደ ጡረታ የወጣ መኮንን የድሮ ማዕረጓን እያወሳች ቀረች።

ስለ ታይዋን ሲቪክ ማኅበራት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው በ2014 ተማሪዎች ፓርላማውን ከሦስት ሳምንት በላይ የያዙበት የሱፍ አበባ እንቅስቃሴ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደ እነሱ ዞሮ ነበር። እኔ ማየት የፈለግሁት ሰልፍ መውጣት በሚያሳስርበት ዘመን ባለሱቆችና ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊት ለበስ የባሕር ፍጡር የሚያረቡ ሰዎች አንድ ግዙፍ ኩባንያ የመለሱባትን ከተማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1985 የታይዋን መንግሥት የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ከሉካንግ አጠገብ ባለው የባሕር ዳርቻ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ፋብሪካ እንዲያቆም ፈቀደ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ማለት የግድግዳ ቀለምን፣ ወረቀትንና የጥርስ ሳሙናን ነጭ የሚያደርገው ዱቄት ነው። ለፋብሪካው 160 ሚሊዮን ዶላር ሊፈስበት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በዲሴምበር 1984 በሕንዷ ቦፓል ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ያፈተለከ ጋዝ ሺዎችን ፈጅቷል። ያ ወሬ ሉካንግ ደርሷል። ኦይስተር የሚረባው ደግሞ ፋብሪካው ሊቆም በታሰበበት ባሕር ጭቃ ላይ ነው። አገሩ ከ1949 ጀምሮ በወታደራዊ ሕግ ሥር ስለነበር ሰብሰብ ብሎ መቃወም ክልክል ነው።

ክልክል ያልሆነው ቤተ መቅደስ መሄድ ነው። የማዙ ቤተ መቅደስ ከአሮጌው መንገድ ጫፍ ላይ ይገኛል። ማዙ የባሕር ተጓዦች ጠባቂ ናት፤ ሐውልቷ ከባሕሩ ማዶ፣ ከቻይናዋ ፉጂየን ግዛት ተሻግሮ መጣ ይላሉ። ፊቷ ጥቁር ነው። ሲቀረጽ እንዲያ አልነበረም፤ የዘመናት የዕጣን ጭስ ነው ያጠቆረው። አንዲት ሴትዮ በጨረቃ ቅርጽ የተጠረቡ ሁለት እንጨቶች ይዛ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወለሉ ላይ ጣለቻቸው። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ካረፈ መልሱ «እሺ» ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። ሴትዮዋ አንስታ እንደገና ጣለች፤ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው «እሺ» ሲወጣ ስልኳን አውጥታ ለሆነ ሰው ደወለች። ከዚህ ቅጥር አካባቢ ነበር በጁን 1986 ሕዝቡ ወደ አሮጌው መንገድ ተምሞ የወጣው፤ ሸሚዙ ላይ «ሉካንግን እወዳለሁ፣ ዱፖንትን አልፈልግም» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የኦይስተር መሸጫ ደጃፍ ተቀመጥን። ኦይስተር ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ለስላሳ የባሕር ፍጡር ነው፤ በእንቁላልና በስታርች ጠብሰው፣ ቀይ ጣፋጭ ስጎ አፍስሰውበት ያቀርቡታል። በጾም ያደገ ሆዴ መጀመሪያ ላይ ተንገሸገሸ፤ ሁለተኛው ሳህን ሲመጣ ግን ጓደኛዬ የራሱን መጠበቅ ነበረበት።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጓደኛዬ «አጎቴ» እያለ ያስተረጉምልኛል። ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ «ይርጋጨፌ!» አሉ፤ እዚህ አገር የቡና መጠጫ ቤቶች ሰሌዳ ላይ ስማችን አይጠፋም። ከዚያ ስለ 1986 ጠየቅኋቸው።

«አልፈሩም ወይ?»

አጭሩን ቢላ ከቅርፊቱ አፍ ሰክተው ጠምዘዝ አደረጉት፤ ሥጋው ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። «ፈርቻለሁ እንጂ። ግን ይበልጥ የፈራሁት ቤት መቅረትን ነው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እኔ በሬን ብዘጋ በማግስቱ ማን ከእኔ ይገዛል?»

በእድር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ስለ ዜጎች ንቅናቄ የሚጽፉ ምሁራን «ንቃተ ኅሊና» ይሉታል፤ እኔ በዚያ ደጃፍ የሰማሁት ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያምር ነገር አይደለም፤ ያላመነበትንም ጎትቶ ያወጣል። ያም ሆኖ ጎትቶ ካወጣቸው መካከል ብዙዎቹ አልተመለሱም። ፊርማ ሰብስበው ለመንግሥት አቤት አሉ፤ ማኅበር መሥርተው አስመዘገቡ። በማርች 1987 ዱፖንት ከሉካንግ መውጣቱን አስታወቀ። ከአራት ወር በኋላ ወታደራዊ ሕጉ ራሱ ተነሳ።

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ባሕሩን ተሻግሮ ሺያመን ገባ። የብዙዎቹ ሉካንጎች አያቶች ከፉጂየን የመጡ ናቸው፤ ሺያመንም እዚያው ናት፤ ቋንቋውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። በዚያች ከተማ በ2007 ፓራዛይሊን የተባለ ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ ሊተከል ሲል በኬሚስትሪ ምሁሯ ጃኦ ዩፈን መሪነት 105 የአገር አቀፉ የምክክር ጉባኤ አባላት ተቃውሞ ፈረሙ። ከዚያ አጭር መልእክት በየስልኩ ተሠራጨ፤ በጁን 1 ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሰልፍ አላሉትም፤ ሰልፍ ፈቃድ ይፈልጋል። «ሽርሽር» አሉት። ሽርሽር ማን ይከለክላል? ፋብሪካው ከሺያመን ተነሳ። ነገር ግን ያኔ በቻይና ማኅበር ለማስመዝገብ መጀመሪያ ኃላፊነት የሚወስድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማግኘት ግዴታ ነበር። ሸርሻሪዎቹም አሸንፈው ወደየቤታቸው ገቡ።

ከሺያመን የተነሳው ፋብሪካ ጉሌይ ወደምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ልሳነ ምድር ሄደ፤ በኤፕሪል 2015 እዚያ ፈነዳ። ዱፖንትም ቢሆን ታይዋንን አልለቀቀም፤ በሰሜን በኩል ታኦዩአን፣ ጓንዪን በተባለ ቦታ ፋብሪካውን ገነባ። ታኦዩአን አውሮፕላኔ ያረፈበት አውራጃ ነው፤ ስገባ ያየሁት ጭስ የዚያ ይሁን የሌላ አልለየሁም።

ይህንኑ ለሽማግሌው አነሳሁባቸው። ጓደኛዬ ሲያስተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ነውር የመሰለው ይመስለኛል። እሳቸው ዝም ብለው ሁለት ሦስት ኦይስተር ፈለቀቁ። ከበስተጀርባቸው ያለው የመደብሩ ግድግዳ በቅርቡ ተቀብቷል፤ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው።

«ይህ ቀለም የት ተሠራ?» አልኋቸው ወደ ግድግዳው እያመለከትኩ።

ዞረው አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ያለ ሁለት የፊት ጥርሳቸው።

«ቆርቆሮውን አላነበብኩትም» አሉና ቢላቸውን አነሱ። አውቶቡሳችን ሊነሳ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።