የሲሊንደሮቹ ቀን

ዛሬ ገላን ባለው ወርክሾፓችን የተፈጥሮ ጋዝ ናሙና ወደ ላብራቶሪ የሚወሰድባቸውን ሲሊንደሮች ስናዘጋጅ ዋልን። ነገ ወደ ኦጋዴን ይጫናሉ። "ባዶ ብረት መላክ ምን ሥራ አለው?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሥራው ያለው እኮ እዚህ ነው!

ውስጡ ትንሽ የዘይት ቅሪት ካለ የምርመራውን ውጤት ያበላሸዋል። ስለዚህ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በሂሊየም ይጸዳል፣ ከዚያ አየሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል። አዲሷ ባልደረባችን ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) እያየች "ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል መሰለኝ፣ 0.77 ባር ላይ ቆመ" አለችኝ። ፓምፑ ደህና ነው። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከ0.8 ባር በታች ነው። ተራ ጌጅ ደግሞ የሚለካው ከውጭው አየር አንጻር ነው፤ ስለዚህ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢመጠጥም ከዚያ አያልፍም። ባሕር ዳርቻ ብንሆን ወደ 1 ይጠጋ ነበር። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ።

ውስጣቸው ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ፒስተን ያላቸው ሲሊንደሮች ላይ ብዙ ቆየን። ከፒስተኑ ጀርባ ሂሊየም፣ ናሙናው በሚቀዳበት የጋዝ ቱቦ ግፊት ልክ ይሞላል፤ ጋዙ ሲገባ ግፊቱ በድንገት እንዳይወርድ ነው። ከወረደ ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ እነ ፔንቴንና ሄክሴን የሚባሉት የጋዙ ከባድ ክፍሎች ፈሳሽ ሆነው ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ያኔ ላብራቶሪው የሚመረምረው ሌላ ጋዝ ነው። የሙቀት ኃይሉ ስሌት ይዛባል፣ ዋጋውም አብሮ።

አንዱ ቫልቭ ሥር የሳሙና ውሃ ስንቀባ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል አረፋ ብቅ አለች። ጠፋች። ተመልሳ መጣች። ሲሊንደሩን ለይተን አስቀመጥነው። ሹፌሩ "በዚች አረፋ?" አለ። አዎ፣ በዚች አረፋ። ቀሪዎቹ መለያ ተለጥፎባቸው ሳጥን ገብተዋል።