ከ20 ያርድ በታች፦ የሬድ ዞን ብቃትን የምለካበት መንገድ

በአሜሪካ እግር ኳስ ከተጋጣሚ የ20 ያርድ መስመር እስከ ጎል መስመሩ ያለው ሜዳ ሬድ ዞን ይባላል። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) የተለመደው መለኪያ፣ እዚያ ከደረሱት ድራይቮች (አንድ ቡድን ኳሱን እንደያዘ በተከታታይ የሚያደርጋቸው ሙከራዎች) ስንቱ በታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ከጎል መስመሩ በማሻገር፣ እንዳለቁ የሚያሳየው መቶኛ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ከ10 ድራይቭ 6 ታችዳውን አስቆጥሮ በ4ቱ ባዶ እጁን የተመለሰ ቡድን 60 በመቶ ይጻፍለታል፤ 5 ታችዳውንና 5 ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በጎሉ ምሰሶዎች መካከል ማሳለፍ) ያገኘው 50 በመቶ። ታችዳውንን ከእሱ በኋላ በምት ከሚገኘው ተጨማሪ ነጥብ ጋር 7፣ ፊልድ ጎልን 3 ብለን ብንደምር ግን የመጀመሪያው 42፣ ሁለተኛው 50 ነጥብ አለው። እኔ የምለካው በአንድ ድራይቭ የሚገኘውን አማካይ ነጥብ ነው።

መረጃውን የማወርደው ከኤንኤፍኤልፋስትአር (nflfastR፣ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎችን መረጃ ከሚያቀርብ የኮምፒውተር መሣሪያ) ነው፤ ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱ ፕሌይ (አንድ የጨዋታ ሙከራ) በራሱ ረድፍ ተመዝግቧል። ለጎል መስመሩ 20 ያርድ ወይም ከዚያ በታች የቀራቸውን ረድፎች መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ትልቁ ስህተት የሚገባው ግን እዚህ ላይ ነው። ከ2015 ወዲህ የተጨማሪ ነጥብ ምት የሚጀመረው ከ15 ያርድ መስመር ነው፤ በምቱ ፈንታ የሚደረገው የሁለት ነጥብ ሙከራ ደግሞ ከ2 ያርድ። ሁለቱም በማጣሪያው ያልፋሉ። ስለዚህ በ70 ያርድ ሩጫ የተቆጠረ ታችዳውን ሬድ ዞን ውስጥ እንደተገኘ ሆኖ ይቆጠራል፣ ከሩቅ የሚያስቆጥሩ ቡድኖችም ያላገኙትን ውጤት ያገኛሉ። መፍትሔው የዳውን ቁጥር (ፕሌዩ ከአራቱ ሙከራዎች ስንተኛው እንደሆነ የሚያሳየው) የሌላቸውን ረድፎች ማስወጣት ነው።

የታችዳውን ዓምዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ተከላካይ ኳስ ጠልፎ ሮጦ ሲያስቆጥርም 1 ይላል። ያስቆጠረው ቡድን ኳሱን ይዞ ከነበረው ቡድን ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ተጫዋቹ ሰዓት ለማቃጠል ኳሱን ይዞ በመንበርከኩ ያለቁትን ድራይቮችም አወጣለሁ፤ ማስቆጠር ያልፈለገን ቡድን በአለማስቆጠሩ መቅጣት ተገቢ አይደለም።

ቀጥሎ መነሻው ይታያል። በተጋጣሚ ስህተት ኳሱን 3 ያርድ ላይ ያገኘ ቡድንና 19 ያርድ ላይ የደረሰ ቡድን ፈተናቸው የተለያየ ነው። ለእያንዳንዱ ድራይቭ በሬድ ዞን የመጀመሪያውን ፕሌይ ቦታ እወስድና በአራት እከፍላለሁ፦ 1–5፣ 6–10፣ 11–15፣ 16–20። የሊጉን አማካይ ነጥብ በየክፍሉ አስልቼ ከቡድኑ ነጥብ እቀንሳለሁ። የሳተ ፊልድ ጎል በመቺው ላይ እንጂ በጥቃቱ ላይ መጫን የለበትም፤ በሊጉ ከዚያ ርቀት የሚገባውን ድርሻ በ3 አባዝቼ እሰጠዋለሁ። ርቀቱ ፕሌዩ በተጀመረበት ያርድ ላይ 17 ያህል ሲደመር ነው፦ 10 የኤንድ ዞኑ (ከጎል መስመሩ ጀርባ ያለው፣ ጎሉ መጨረሻው ላይ የቆመበት ክፍል)፣ 7 ኳሱ ወደ ኋላ የሚወረወርበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የናሙናው ማነስ ነው። በ17 ጨዋታ አንድ ቡድን 55 ጊዜ ሬድ ዞን ቢደርስና የታችዳውን መቶኛው 57 ቢሆን፣ መደበኛ ስህተቱ (ቁጥሩ በአጋጣሚ ብቻ የሚዋዥቅበት መጠን) ወደ 6.7 መቶኛ ነጥብ ይጠጋል። በ58ና በ53 መካከል ያለውን ልዩነት ይዞ ቡድን ማበላለጥ እንግዲህ መሠረት የለውም። ስለዚህ መቶኛውን ራሱን ስጠቅስ እንኳ የእያንዳንዱን ቡድን ውጤት ወደ ሊጉ አማካይ እስበዋለሁ፦ የሊጉ አማካይ 55 በመቶ ከሆነ፣ ከ20 ድራይቭ 15 ታችዳውን ላስቆጠረ ቡድን በአማካዩ ልክ የሚያስቆጥሩ 40 ድራይቮች ብንጨምርለት 75 የነበረው ወደ 62 ይወርዳል። 40ው ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ያለፉትን ዓመታት ውድድሮች ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ በተሻለ የተነበየውን ቁጥር መውሰድ ነው።